መዝገቡ ተመልሳለች ይላል

«አታካብጂው በናትሽ» አለች ብራዮኒ። ይህን ስትል ግን የጓደኛዋን ቁርጭምጭሚት ላለማየት ፊቷን ወደ ባሕሩ አዙራ ነበር። «ዞረብሽ እንጂ አልተሰበርሽም። እግሩ የተሰበረ ሰው ይጮሃል።»

ታምሲን ያልጮኸችው ከንፈሯን ነክሳ ስለያዘች ነበር። ገመዱን ለቅቃ ስትዘል ቀኝ እግሯ እርጥብ ድንጋይ ላይ አርፎ ሸርተት አለ፤ አሁን ጫማዋ ሊይዘው እስኪያቅተው ድረስ እንደ ቦካ ሊጥ ኩፍ ብሏል። ቦታው ገመድ ዳርቻ ይባላል። ጥቁር ራስ ከሚባለው ከፍተኛ መመልከቻ ተነስቶ በባሕር ዛፉና በቁጥቋጦው መሃል አንድ ሰዓት የሚያስኬደው የእግር መንገድ፣ ሦስት የሰው ቁመት የሚሆን ገደል አፋፍ ላይ ቀጥ ይላል። ከዚያ በኋላ ያለው አንድ ወፍራም የመርከብ ገመድ ብቻ ነው። እንግዳ ሰው ላይ መመልከቻው ጋ ፎቶውን ተነስቶ፣ ነፋሱን አማርሮ ይመለሳል። የአገሩ ልጅ ግን ዳርቻው የኔ ነው ስለሚል ይወርዳል። ስልክ ደግሞ ታች ፈጽሞ አይሠራም።

«እኔ ልውጣ» አለች ብራዮኒ። «መመልከቻው ጋ ስደርስ ለአባትሽ እደውላለሁ። አሥር ሰዓት ሳይሞላ ከተፍ ይላል። አንቺ ብቻ ከዚህ እንዳትነቃነቂ።»

«ቃል?»

«እናቴ ትሙት።»

ገመዱን ይዛ ሽቅብ ስትወጣ ታምሲን ከታች አየቻት፤ ምንም አልከበዳትም። አፋፉ ላይ ስትደርስ ዞር ብላ እጇን አውለበለበች። ስምንት ሰዓት ሆኖ ነበር።

ሁለቱ ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ አልተለያዩም። የታምሲን እናት ከተማ ሌላ ትዳር ስለያዘች ቤቱ ውስጥ ያሉት ታምሲንና አባቷ ግራንት ብቻ ናቸው፤ መታጠቢያ ክፍሉ ውስጥ ግን የጥርስ ብሩሹ ሦስት ነው። ብራዮኒ በሳምንት አራት ቀን እዚያ ታድራለች። የሷ እናት ዓሣ ፋብሪካ ፈረቃ የምትሠራ፣ ድካሟንም ቁጣዋንም ይዛ የምትገባ ሴት ናት። በተለይ ከፋሲካ ወዲህ ቤቱ ለብራዮኒ እሳት ሆኖባታል፤ ምክንያቱ የወንድ ጓደኛዋ ዳርሲ ነው። ዳርሲ አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው፤ መንጃ ፈቃድ ካወጣ ሁለት ወሩ ነው፤ ቀይ ፒካፕ አለው። እናትየዋ እዚያ ፒካፕ ውስጥ አንድ ቀን ባይሽ፣ በማግስቱ አባትሽ ጋ ፐርዝ እልክሻለሁ ብላ ምላለች። ፐርዝ ማለት ከዚህች ደሴት ባሕሩን ተሻግሮ፣ ከዚያም ሙሉውን አገር አቋርጦ ነው። ሴትየዋ ደግሞ ከማለች ማለች ነው።

ታምሲን የተረፈውን ሳንድዊች በላች። አንድ ሰዓት ቆጠረች፤ ብራዮኒ ላይ ደርሳለች ማለት ነው። ግማሽ ሰዓት ጨመረች፤ አባቷ ደርሷል። አባቷ የመንገድ ሥራ ሠራተኛ ነው፤ በትርፍ ጊዜው ደግሞ የነፍስ አድን በጎ ፈቃደኛ ነው፤ ለሰው ሲባል ሳህኑን ትቶ የሚነሳ ዓይነት። ለልጁማ ይሮጣል። ስለዚህ አልፈራችም። እንዲያውም የሚቆጣትን ቁጣ አስባ ምን ብላ እንደምትመልስ ስታሰላ ቆየች።

አሥር ሰዓት ሆነ። ማንም አልመጣም። የገደሉ ጥላ አሸዋውን ሸፈነው፤ በሚያዝያ ያ ጥላ ከመጣ ብርዱ ተከትሎት ይመጣል። ባሕሩም ቀስ በቀስ እየተጠጋ የተቀመጠችበትን ድንጋይ ሥር ማርጠብ ጀመረ። ታምሲን ያን ጊዜ ስለራሷ አላሰበችም። ብራዮኒ መንገድ ላይ ወድቃ ይሆናል፤ እባብ ነድፏት ይሆናል ብላ ነበር የሰጋችው። እኔ እዚህ እጄን አጣጥፌ ተቀምጬ እሷ እዚያ ብትሞትስ አለችና ተነሳች።

ገመዱን በሁለት እጇና በአንድ እግሯ ወጣችው። እንዴት እንደወጣችው በኋላ ስትጠየቅ መናገር አልቻለችም፤ መዳፏ መላጡን ብቻ ነው የምታስታውሰው። ከዚያ አንድ የደረቀ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ተመርኩዛ፣ ዳገቱ ሲብስ በመቀመጫዋ እየተጎተተች ሄደች። በየኩርባው «ብራዮኒ!» ብላ ትጣራለች። በየቁጥቋጦው ሥር ወድቃ እንደሆነ ታያለች። አንዲት ዋላቢ የምትባል ትንሽ ካንጋሩ መሳይ እንስሳ መንገዱ መሃል ቆማ ትክ ብላ አየቻትና ወደ ጫካው ዘለለች።

ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ፣ ገና ከግማሽ መንገድ ትንሽ አለፍ እንዳለች፣ ከላይ የመኪና ድምፅ ሰማች። የናፍጣ ሞተር ነው፤ ዳገት ሲጨርስ የሚያስለው ነገር የአባቷን መኪና ይመስላል። ባላት ጉልበት ጮኸች። ነፋሱ ከባሕሩ ስለሚመጣ ድምፅዋን ወደ ጎን ይዞት ሄደ። የመኪናው በር ሲከፈት ሰማች። ትንሽ ቆይቶ ሲዘጋም ሰማች። ከዚያ ሞተሩ እየራቀ ሄደ።

አባቴ አይደለም አለች ለራሷ። አባቷ ቢሆን መመልከቻው ጋ ያለውን የተጓዦች መዝገብ ሳያይ አይሄድም፤ ካየ ደግሞ ስሟን ይጣራል፤ ወርዶ ይፈልጋታል። ይህን ያህል እርግጠኛ የሆነችበት ነገር በዓለም ላይ አልነበረም።

መመልከቻው አጠገብ፣ መኪና ማቆሚያው ጥግ ላይ፣ ትንሽ የእንጨት ዳስ አለ። መዝገቡ ያለው እዚያ ነው፤ እስክሪብቶው እንዳይሰረቅ በሲባጎ ታስሯል። ወደ ጫካው የሚገባ ሁሉ ስሙን፣ የሚሄድበትንና የሚመለስበትን ሰዓት ይጽፋል። ሲመለስ ደግሞ እያንዳንዱ የተመለሰበትን ሰዓት ጽፎ ይፈርማል። ያልፈረመ እንደጠፋ ይቆጠራል። ባለፈው ክረምት አንድ የባንክ ሠራተኛ መፈረሙን ረስቶ አርባ ሰው በዝናብ ሲፈልገው አመሸ፤ ሰውየው መጠጥ ቤት ቁጭ ብሎ ኳስ እያየ ነበር። እስከ ዛሬ ዳቦ ቤት ሲገባ «ተገኘህ እንዴ?» ይሉታል። ግራንት ከሥራ ሲመለስ በየማታው ዳሱ ጋ ቆሞ መዝገቡን ሳያገላብጥ ቤቱ አይገባም። ለልጆቹ፣ ለታምሲንም ለብራዮኒም ማለት ነው፣ ገና ማንበብ ሳይችሉ ያስተማራቸው አንድ ሕግ ቢኖር ለሌላ ሰው አይፈረምም የሚለው ነው።

ታምሲን ዳሱ ጋ ስትደርስ ፀሐይ ጠልቃ ሰማዩ ገና አልጠቆረም ነበር። ብራዮኒ የለችም። መኪናም ሰውም የለም። መዝገቡን የከፈተችው ብራዮኒ ደርሳ እንደሆነ ለማየት ነበር።

ደርሳለች። ዘጠኝ ሰዓት ከአሥር ይላል፤ ከጎኑ የብራዮኒ ፊርማ፣ ጭራው ላይ ሁልጊዜ የምትስላት ትንሽ አበባም አለች። እግዚአብሔር ይመስገን አለች ታምሲን። ዓይኗ ወደ ታችኛው መስመር የወረደው ከዚያ በኋላ ነው። «ታምሲን፤ ተመልሳለች፤ ዘጠኝ ሰዓት ከአሥር።» ከጎኑ የታምሲን ፊርማ።

ደጋግማ አየችው። ፊርማው የሷ ነው፤ ግን እሷ አልፈረመችውም። ሰባተኛ ክፍል እያሉ፣ ለሳቅ ብላ፣ እንዲህ ጀምሪና እንዲህ ጠምዝዢው እያለች ለብራዮኒ ያስተማረቻት ራሷ ናት። ያን ቀን ሁለቱም ሆዳቸውን ይዘው ሲስቁ ነበር።

ያኔ የሰማችው መኪና የማን እንደሆነ ገባት። አባቷ መጥቷል። እዚህ ቆሟል። ይህን ፊርማ አይቶ ልጄ ደህና ገባች ብሎ ሄዷል። ዛሬ እነ ብራዮኒ ቤት አድራለሁ ስላለችው እስከ ነገ ጠዋት አይፈልጋትም። ማንም አይፈልጋትም። በሁለት እጇ ገመዱን ባትወጣ ኖሮ ከዚያ ጥላ፣ ከዚያ ውሃ ጋር ብቻዋን ልታድር ነበር። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ይላሉ፤ ታምሲን ግን መውደቋ አይደለም ያሳመማት። ሁለት ሰዓት ሙሉ በየቁጥቋጦው ሥር እየጎነበሰች የፈለገቻት፣ በእንባ የተጣራቻት ይህችን ልጅ ነው። እንደ ሞኝ። ልቧ እንዲህ ቆስሎ አያውቅም፤ አልቅሺ አልቅሺ አላት፤ እንባው ግን እምቢ አለ።

ስልኳ ኪሷ ውስጥ ተንቀጠቀጠ። መልእክቶቹ ተከታትለው ገቡ። የመጀመሪያው «ወጣሽ?» ይላል። ሁለተኛው «ወጣሽ አይደል? ዝም አትበይኝ»። ሦስተኛው አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ የተላከ ነው፦ «ለአባትሽ ምንም እንዳትይ። እየመጣሁ ነው።»

ታምሲን ለአባቷ ደወለች። «መመልከቻው ጋ ነኝ፤ እግሬን ተጎድቻለሁ፤ ና» ብቻ አለችው። እሱም ምንም ሳይጠይቅ ስልኩን ዘጋ።

ቀዩ ፒካፕ ግን ቀደመው። ብራዮኒ ሳይቆም ዘላ ወረደችና ሮጣ መጥታ አቀፈቻት። ታምሲን እንደ ግንድ ደርቃ ቆመች። ዳርሲ በመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ አያት፤ ፊቱ ተለዋወጠ። ከአባትሽ ጋር ሄደሻል ብላኝ ነበር እኮ አለ፤ ድምፁ ውስጥ የነበረው ድንጋጤ የውሸት አልነበረም። ብራዮኒ ዞራ ሂድ አለችው፤ ግራንት እዚህ ካየህ አለቀልኝ፤ ሂድ። ዳርሲ ትንሽ አመነታና ሄደ።

«ስሚኝ» አለች ብራዮኒ፤ ቃላቱ እየተደናቀፉባት። «ራስሽ ትወጪዋለሽ ብዬ ነው። እኔ ስወጣ አልከበደኝም። ሁልጊዜ ትንሹን ነገር ስለምታገዝፊው...»

«ለአባቴ ለምን አልደወልሽም?»

«ዳርሲ እዚህ ነበራ! አባትሽ መጥቶ ቢያየን ለእናቴ ይነግራታል። መስመርሽን ሳይፈረም ብተወው ደግሞ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ያየዋል፤ አርባ ሰው ይጠራል፤ ወሬው ፋብሪካው ድረስ ይሄዳል። ፐርዝ ናት ታምሲ። የምሬን ነው። ሁለት ሰዓት ብቻ አብረን ሆነን ልመለስ ነበር።»

«ብርድ ነበር» አለች ታምሲን። ሌላ ልትላት የምትችለው ብዙ ነበር፤ የወጣው ይህ ብቻ ነው።

ብራዮኒ እጇን ይዛ ለመነቻት። ያዘጋጀችው ታሪክ ነበራት፤ ፒካፑ ውስጥ ሳታስበው አልቀረችም። ሁለታችንም ተመለስን፤ ፈረምን፤ አንቺ ቦርሳሽን እንደረሳሽ ትዝ አለሽ፤ ለብቻሽ ተመልሰሽ ወረድሽ፤ እግርሽ ያኔ ዞረ። ፊርማው የራስሽን ስለሚመስል ማንም አይጠረጥርም። አባትሽ ይቆጣሻል፤ ሁለት ቀን ያኮርፋል፤ ያልፋል። እኔን ግን ይልኩኛል።

ያኔ የአባቷ መኪና ዳገቱን እያሳለ ወጣ። ግራንት ወርዶ በቀጥታ እግሯ ሥር ተንበረከከ። ቁርጭምጭሚቷን በአውራ ጣቱ ዙሪያውን ጫን ጫን እያደረገ አየ፤ አልተሰበረም አለ፤ ጃኬቱን አውልቆ አለበሳት። ከዚያ ቀና ብሎ ሁለቱን እያፈራረቀ ተመለከተ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እዚህ ነበርኩ እኮ አለ። ተመልሳችኋል ይላል እኮ።

ታምሲን አፏን ልትከፍት ስትል ብራዮኒ ቀደመች።

«ቦርሳዋን ረስታ ነው ግራንት። ፈርመን ከጨረስን በኋላ ተመልሳ ወረደች። እኔ እኮ ተይ ብያት ነበር፤ አልሰማ አለችኝ።»

ታምሲን ፊቷን አየችው። የምታውቀው ፊት ነው፤ ጉንጯ ላይ ያለችው ጠባሳ ከብስክሌት አብረው ሲወድቁ የወጣች ናት። ያ ፊት ሳይቀላ፣ ሳይርበተበት፣ ዓይን ዓይኗን እያየ ዋሸባት። «ተይ ብያት ነበር።» መዝገቡ ላይ ያለው ፊርማ በፍርሃት የተፈረመ ነው ብላ አንድ ቀን ይቅር ልትላት ትችል ነበር። ይህን ግን ማን አዘዛት?

ግራንት ወደ ልጁ ዞረ። ድምፁን ከፍ አላደረገም፤ የሱ ቁጣ ሲበዛ ድምፁ ይቀንሳል።

«ፈርመሽ፣ ለማንም ሳትናገሪ፣ ተመልሰሽ ወረድሽ? አንቺ?»

አንቺ ያላት ቃል ሆዷ ውስጥ ገባ። አርባውን ሰው በዝናብ ሲመራ ያየች ልጅ፣ እሱ ሠርቶ ያሳደጋት ልጅ ማለቱ ነው። ዝም ብትል ያምናል፤ ቁጣው በሁለት ቀን ይበርድለታል፤ ዳግመኛ ግን ያን ገጽ በየማታው ሲከፍት ስሟን አይቶ እርግጠኛ አይሆንም። ብራዮኒ ከጀርባው ቆማ በዓይኗ ትለምናለች።

ታምሲን ቅርንጫፏን ተደግፋ ወደ ዳሱ ገባች። እስክሪብቶውን አነሳች። ከዚያ በስሟ መስመር ጠርዝ ላይ፣ ባዶ በቀረችው ቦታ፣ ጠበብ አድርጋ ጻፈች፦ «ይህ የእኔ እጅ አይደለም። የተመለስኩት አሥራ አንድ ሰዓት ከሃምሳ። ብቻዬን።» ፈረመችና ለአባቷ ቦታ ለቀቀችለት።

ግራንት የስልኩን መብራት አብርቶ አነበበ። ሁለቱን ፊርማዎች አስተያየ። በጣቱ የመጀመሪያውን ፊርማ ደጋግሞ ዳበሰ።

«ጣቴን እዚህ ላይ አድርጌ ነበር» አለ በመጨረሻ፤ ለማንም ሳይሆን። «ደስ ብሎኝ ነው የሄድኩት።»

ብራዮኒ ማልቀስ ጀመረች። ይቅርታ እያለች፣ ግራንት እያለች፣ ታምሲ እያለች አለቀሰች። እንባዋ የውሸት አልነበረም፤ ታምሲን ይህንንም ታውቃለች፤ የሚያናድዳትም ያ ነበር። ግራንት አልተሳደበም፤ አልጠየቃትም። ዳርሲ ጥሏት ሄዷል፤ አካባቢው ሊጨልም ነው፤ እሱ ደግሞ ሰውን ጥቁር ራስ ላይ ትቶ የሚሄድ ሰው አይደለም። መኪና ውስጥ ግቢ አላት።

መኪናው ሦስት ሰው በአንድ ረድፍ የሚያስቀምጥ አሮጌ መኪና ነው። ብራዮኒ እንደወትሮዋ መሃል ገባች፤ ታምሲን በመስኮቱ በኩል እግሯን ዘርግታ ተቀመጠች። ሙቀቱ ሲጀምር መዳፏ ይበልጥ ይጠዘጥዛት ጀመር። ዳገቱን ወርደው መንታ መንገዱ ጋ ሲደርሱ ግራንት ፍሬን ያዘ። በስተግራ የነሱ ቤት ነው። በስተቀኝ የዓሣ ፋብሪካው ሠራተኞች ሰፈር ነው፤ የብራዮኒ እናት በዚህ ሰዓት ከፈረቃ ገብታ ጫማዋን እያወለቀች ነው። ዛሬ የሆነውን ሳይነግራት ግራንት ከደጇ አይመለስም፤ ይህ ለሦስቱም ግልጽ ነበር።

«ወዴት ልንዳ?» አለ። ጥያቄው ለታምሲን ነበር።

በስተግራ ቢሄዱ ምን እንደሚሆን ታውቃለች። ብራዮኒ ሻይ ታፈላለች፤ በረዶ በፎጣ ጠቅልላ እግሯ ላይ ታደርግላታለች፤ ማልቀሷን ትቀጥላለች፤ እኩለ ሌሊት ሳይሞላ ታስቃታለች። ጠዋት ሁሉም ነገር እንዳልነበር ይሆናል። ሁልጊዜ እንዲህ ነበር የሚያልቀው። የብራዮኒ ጣቶች በጨለማው ውስጥ መጥተው የጃኬቱን እጅጌ ጨብጠው ያዙ።

«ወደ እናቷ» አለች ታምሲን፤ እጅጌዋንም ቀስ ብላ ከጣቶቿ ውስጥ አወጣች።